ግራ እጄ የጻፈው ምስክርነት

ይህን ታሪክ ፊት ለፊት ተቀምጬ ለሰው አውርቼው አላውቅም። ልጀምር ስል ላብ ያጠምቀኛል። በጽሑፍ ግን ይሻላል፤ አንባቢ ፊቴን አያይም፣ እኔም የአንባቢን ሳቅ አልሰማም። ብቻ እባካችሁ፣ ጮክ ብላችሁ አታንብቡት። ጮክ ብሎ ማንበብ ምን እንዳመጣብኝ በኋላ ታዩታላችሁ።

ጊዜው ደርግ ነው። እኔ ጉለሌ ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት ምክትል ዳይሬክተር ነበርኩ። ምክትልነትን ላልቀመሰው ሰው ላስረዳ። ደወል ሲጠፋ የሚጠየቀው ምክትሉ ነው። ሽንት ቤት ሲዘጋም ምክትሉ ነው። የወላጆች ቀን ሲመጣና ከበላይ አካል እንግዳ ሲላክ ግን ንግግር የሚያደርገው ዳይሬክተሩ ነው፤ ምክትሉ ወንበር ይቆጥራል። ስምንት ዓመት ሙሉ ቁልፍ እያንቃጨልኩ ስዞር፣ የግቢው ዘበኛ "ጋሼ፣ እኛ የበር ሰዎች እኮ..." እያለ ከራሱ ጋር ይደምረኝ ጀመር። አልተቆጣሁትም፤ እውነቱን ነዋ።

ታዲያ አንድ ቀን ዳይሬክተራችን ጡረታ ሊወጡ ነው የሚል ወሬ ተሰማ። ወዲያው ደግሞ ቦታው የሚሰጠው በትምህርት ቤት አመራር ሁለተኛ ዲግሪ ለሚማር ሰው ነው ተባለ። ዩኒቨርሲቲው ማስታወቂያ ማውጣቱን እንደሰማሁ ስብሰባ አለብኝ ብዬ ሹልክ አልኩና ሄጄ ገለበጥኩት። የሚጠየቀው ሰባት ነገር ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ፤ አለኝ። የአገልግሎት ዘመን፤ ሞልቶ ተርፎኛል። ከመሥሪያ ቤት የድጋፍ ደብዳቤ፤ እኔው አርቅቄ ለዳይሬክተሩ ሰጠኋቸው፣ "እጅግ በጣም ታታሪ" ካልኩት ላይ "እጅግ በጣም" የሚለውን ሰርዘው ፈረሙልኝ። የጤና ምርመራ፤ ደህና ነኝ። ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ፤ ፎቶ አንሺው "ጓድ፣ አይሳቁ፣ የአመራር ነው" ብሎ ኮስተር አድርጎ አነሳኝና ወንጀለኛ መስዬ ወጣሁ። ቆይቼ ሳስበው ካሜራው አልዋሸም። የመግቢያ ፈተናም ተፈተንኩ፣ አለፍኩ።

ሰባተኛው እንዲህ ይላል፦ አመልካቹ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ካስተማሯቸው ጎልማሶች ቢያንስ አንዱ በገዛ እጁ የጻፈው ምስክርነት፣ በቀበሌ ማኅተም ተረጋግጦ፣ በታሸገ ፖስታ ይቅረብ። ትምህርት ቤት ልምራ የሚል ሰው መጀመሪያ አንድ ሰው ፊደል ማስቆጠሩ ይታይ ነው ነገሩ። እንዴት ያለ ደግ ሐሳብ ነው! ያን ቀን ግን ያሰበውን ሰው አምርሬ ረገምኩት።

ምክንያቱን ልናገር። በዘመቻው ጊዜ እኔም እንደ ሌላው መምህር አንድ ጣቢያ ተመድቦልኝ ነበር፤ የቀበሌያችን አዳራሽ። ተማሪዎቼ አብዛኞቹ የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ናቸው። ቀኑን ሙሉ ሲሸምኑ ውለው ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይመጣሉ። እነሱ ደክሟቸዋል፣ እኔም ደክሞኛል። መጀመሪያ ሰሞን ከ"ሀ" እስከ "መ" ድረስ አብረን ተጓዝን። ከዚያ ወዲያ አንድ ቀን ዝናብ ጣለ፣ ቀረሁ። በማግሥቱ ዝናብ ይጥላል ብዬ ቀረሁ። ቀስ በቀስ ደመና ሳይም መቅረት ጀመርኩ። ወንፊት ነገር ሆንኩ፤ ትልቁ ሥራ ከላይ ይቀራል፣ ትንሿ ሰበብ ብቻ ታልፋለች። ስም መቆጣጠሪያውን ቤቴ ወስጄ የሳምንቱን ባንድ ጊዜ፣ ባንድ እስክሪብቶ እሞላዋለሁ። አዳራሹ አጠገብ ካለው ሻይ ቤት ዳማ እጫወታለሁ። እነሱም ትንሽ ጠብቀው ይበተናሉ።

የማጠቃለያ ፈተናው ደረሰ። አይ ጉድ! ተማሪዎቼ ቢወድቁ "ምን ስትሠራ ነበር?" ልባል ነው። በዚያን ጊዜ "ምን ስትሠራ ነበር?" ተብሎ መጠየቅ ደግሞ ዝም ብሎ ጥያቄ አይደለም። ስለዚህ እየዞርኩ አንዱን በሹክሹክታ፣ አንዱን እጁን ይዤ አስጻፍኩ። ጋሽ ባሳ የሚባሉ ጎልማሳ ሸማኔ ነበሩ፤ ዝምተኛ፣ ጨዋ ሰው። የእሳቸውን ወረቀት እኔው ሞላሁት።

"ኧረ መምህር፣ እኔ አልችልም እኮ" አሉኝ።

"ይችላሉ፣ ይችላሉ። ዋናው በራስ መተማመን ነው።"

ጣቢያዬ አንድም ሳይወድቅ መቶ በመቶ አለፈ። ኮከብ አስተማሪ ተባልኩ። ሕዝብ በተሰበሰበበት ባለ ጽጌረዳ ትርሙስ ተሸለምኩ። ጋሽ ባሳም ማንበብና መጻፍ ይችላሉ የሚል የምስክር ወረቀታቸውን ተቀበሉ፤ ገልብጠው ይዘውት ነበር፤ እኔ ነኝ ያቃናሁላቸው። ባለቤቴ ጥሩነሽ ትርሙሱን በጣም ወደደችው። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ሻይ የምጠጣው ከእሱ ነው። ለነገሩ ሻዩ ይጣፍጥ ነበር፤ ኃጢአት መጀመሪያ ላይ መቼ ይመራል።

እንግዲህ አሁን ከእነዚያ ሰዎች አንዱ በገዛ እጁ ስለ እኔ መጻፍ አለበት። ከየት ይምጣ? አሰብኩ፣ አሰብኩና የሞኝ ብልጠት መጣልኝ። በቀኝ እጄ ብጽፍ ቁም ጽሕፈቴ ያጋልጠኛል። በግራ እጄ ብጽፍ ግን የጀማሪ ሰው ይመስላል! ቅዳሜ ከሰዓት ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብዬ ምላሴን አውጥቼ መታገል ያዝኩ። ጥሩነሽ ልብስ እያጣጠፈች አየችኝ።

"ምን ሆነህ ነው? ቀኝህን አሞህ ነው?"

"ደብዳቤ እየጻፍኩ ነው።"

"ለማን?"

"ለእኔ።"

"ከማን?"

"ከጋሽ ባሳ።"

ልብሱን አስቀምጣ ትንሽ አየችኝ። "በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ሲባል አልሰማህም?" አለችኝና ወጣች። ስሰማ ኖሬያለሁ፤ ሰምቼ ተማሪዎቼንም አስጠንቼበታለሁ። ግን ተረት ለሌላ ሰው ነው የሚመስለው።

ደብዳቤው ግን አማረ! እንዲያውም ከልክ በላይ አማረ። ጋሽ ባሳ የተባሉት ሰው "በድንቁርና ጨለማ ስዳክር፣ ዝናብ ሳይሉ ፀሐይ ሳይሉ፣ የዓይኔን ሞራ ገፈው ብርሃን ያሳዩኝ መምህሬ" እያሉ ያወድሱኛል። መጨረሻው ላይ ስደርስ እኔኑ ዕንባ ተናነቀኝ። እንደዚህ ያለ መምህር ነበርኩ እንዴ? ብዬ ለራሴ ክብር ተሰማኝ።

ሰኞ ቀበሌ ሄድኩ። ጸሐፊው ጓድ መኩሪያ ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች አየና ማኅተሙን ከፍ አደረገ። ደስ አለኝ። መልሶ አስቀመጠው።

"ጻፊው ራሳቸው መጥተው የእኔ ነው ይበሉ።"

"ሥራ ይዟቸው ነው፣ ጓድ።"

"ሽሮ ሜዳ እዚህ አይደል እንዴ? ይምጡ።"

ቸግሮኝ ሽሮ ሜዳ ወጣሁ። ጋሽ ባሳ ከሸማ ጉድጓዳቸው ውስጥ እግራቸውን ሰደው፣ መወርወሪያዋን ከዚህ ወዲያ እያመላለሱ አገኘኋቸው። ሲያዩኝ ሥራቸውን አቁመው በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ፤ "መምህር! በደህና?" አሉኝ። ተማሪዬ ነበሩ፤ ከዚያ ወዲያ አንድ ቀን እንኳ ደጃቸውን አልረገጥኩም።

"ጋሽ ባሳ፣ አንዲት ውለታ ይዋሉልኝ። ቀበሌ መጥተው ይቺን ወረቀት የእኔ ናት ብቻ ይበሉልኝ።"

"ምን ትላለች?"

"እ... ማለቴ፣ ስለ እኔ ናት። ጥሩ ጥሩ ነገር ነው፣ ክፉ የለባትም።"

"ለምን ይሆንዎታል?"

"ልማር ነው። ትልቅ ትምህርት ነው፣ የአመራር።"

"ትምህርት ከሆነማ ጥሩ ነው" አሉና ከጉድጓዱ ወጡ። እጃቸውን ታጠቡ፣ ጋቢያቸውን ደረቡ። መንገድ ላይ አስጠናቸው ጀመር። እስክሪብቶ ቢሰጡዎት አይቀበሉ፣ እጄን አሞኛል ይበሉ አልኳቸው።

"እጄን?" አሉና እጃቸውን አገላብጠው አዩት። ከጠዋት ጀምሮ ያለ እረፍት ሲወረውር የዋለ እጅ ነው። ምንም ሳይሉ መንገዳቸውን ቀጠሉ። እኔ ዝምታቸውን እሺታ መስሎኝ አብሬ ተራመድኩ።

ቀበሌ ስንደርስ ስኳር መጥቶ ኖሯል። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ከኅብረት ሱቁ እስከ ጸሐፊው ቢሮ መስኮት ተሰልፏል። መስኮቱ ደግሞ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ግማሹ ሰልፈኛ የተማሪዎቼ ወላጅ ነው፤ "ጤና ይስጥልኝ መምህር" ይሉኛል፣ ባርኔጣዬን እያነሳሁ አልፋለሁ።

ጓድ መኩሪያ ወረቀቱን ዘረጋላቸው። "ጋሽ ባሳ፣ ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት?"

አዎ ይላሉ ብዬ ስጠብቅ ጋሽ ባሳ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱ። መነጽር አወጡ። አንድ እግሩ ተሰብሮ በክር የታሰረ መነጽር ነው። ለክር ማያ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። አደረጉት፣ ወረቀቱን አነሱ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉና...

"እኔ... ባሳ... በድን-ቁርና... ጨለማ... ስዳክር..."

አነበቡ! ጋሽ ባሳ ያነባሉ! ቀስ ብለው፣ በጣታቸው እየተከተሉ፣ አንዷን ፊደል ሳይዘሉ። ሰልፈኛው ወሬውን ትቶ መስኮቱ ላይ ተደፋ።

"ዝናብ... ሳይሉ..." አሉና ቆሙ። ከመነጽሩ በላይ አዩኝ። "ዝናብ የጣለ ዕለት ይቀሩ አልነበረም እንዴ መምህር?"

ከመስኮቱ አንዲት ሴት ኪኪኪ ብላ ሳቀች። ጋሽ ባሳ ግን ለማሳቅ አልነበረም፤ ከልባቸው ነው የጠየቁኝ። እሳቸውም ሳይቸኩሉ እስከ መጨረሻው አነበቡትና ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

"ይኼ የእኔ ጽሕፈት አይደለም" አሉ። "የእኔ ከዚህ ይሻላል።"

ሰልፈኛው በሳቅ ፈረሰ። ስኳሩ እየተሸጠ ነው፣ ተራቸውን የሚያስታውስ ጠፋ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ስል፣ ጓድ መኩሪያ አልሳቀም። ፊቱ ተለዋወጠ። "ታዲያ የማን ነው?" አለ፤ እሳቸውን አይደለም፣ እኔን እያየ። የሐሰት ሰነድ፣ ያውም የዘመቻ፣ ያውም በዚያን ጊዜ። የዳይሬክተርነት ወንበሬ ቀርቶ ቁልፌም ሲሄድ ታየኝ፤ ከቁልፉም በኋላ የሚመጣ ነገር ነበር።

"ረቂቅ ነው" አሉ ጋሽ ባሳ።

"ምን?"

"መምህር ረቂቅ አዘጋጅተውልኝ ነው። ዋናውን እኔ እዚህ ልጽፈው ነው የመጣሁት። ወረቀት አላችሁ?"

ወረቀት ተሰጣቸው። ተቀምጠው መጻፍ ጀመሩ። ያን ያህል ረጅም ጊዜ በሕይወቴ አላውቅም። ስኳሩ ተሸጦ አለቀ፣ እሳቸው ይጽፋሉ። አንዴ ብቻ ቀና ብለው "ጓድ፣ 'ግድግዳ' ላይ 'ድ' ስንት ናት?" ብለው ጠየቁ። ሲጨርሱ ለጓድ መኩሪያ ሰጡት። አነበበው። አየኝ። እንደገና አነበበው። ከዚያ ማኅተሙን ከወትሮው ጠበቅ አድርጎ መታበትና ፖስታ ውስጥ አሽጎ ሰጠኝ።

ስንወጣ "ምን ብለው ጻፉ ጋሽ ባሳ?" አልኳቸው።

"ያለውን" አሉኝ። ጋቢያቸውን አስተካክለው ወደ ሥራቸው ሄዱ።

ፖስታው ሦስት ሳምንት ቤቴ ተቀመጠ። ብከፍተው ማኅተሙ ይበላሻል፤ ባልከፍተው እኔ ልበላሽ ነው። ፀሐይ ላይ ይዤ አየሁት፣ ወፍራም ፖስታ ነው። ጥሩነሽ "አታስገባው፣ ይቅርብህ" አለችኝ። እኔ ግን ከዚያ ሁሉ ሰው ፊት ያዳኑኝ ጋሽ ባሳ ክፉ አይጽፉም ብዬ ተመካሁ። በሰው ደግነት መመካት ለምዶብኛል። አስገባሁት።

የቃለ መጠይቁ ቀን ደረሰ። ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ሰብሳቢዋ ጠጉራቸው የሸበተ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ዶክተር ናቸው። አመራር ምንድነው? አሉኝ። ያጠናሁትን ዘረገፍኩ። አመራር አርአያነት ነው፣ አመራር ኃላፊነት ነው፣ አመራር... በቃ፣ አፌ ተፈታ። ሁለቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዶክተሯ ከፋይሌ ውስጥ ፖስታውን አወጡ፣ ቀደዱት፣ ለብቻቸው አነበቡት። ከዚያ ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

"እስቲ ያንብቡልን።"

የጋሽ ባሳን ጽሕፈት ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። እውነታቸውን ነው፤ ከግራ እጄ በጣም ይሻላል። መስመሩ የጥለት ክር ይመስል ቀጥ ብሏል። ማንበብ ጀመርኩ።

"ለሚመለከተው ሁሉ። እኔ ባሳ ሸማኔ ነኝ። መምህር ክፉ ሰው አይደሉም። ፊደል ግን እሳቸው አላስተማሩኝም። ሳላነብ ታነባለህ ብለው ወረቀት ሰጡኝ። ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። አንድ ቀን የአገሬ ሰው ቤቴ መጣ። ምን ይላል አለኝ። ስሜ ያለበት ወረቀት ነው፣ እኔ ግን አላውቀውም። አፈርኩ። ልማር ብዬ ለወደቁት ወደሚሰጠው ማሟያ ትምህርት ሄድኩ። ስምህ ካወቁት ጋር ነው ብለው መለሱኝ..."

እዚህ ላይ ቆምኩ። ይህን አላውቅም ነበር። የሰጠኋቸው ወረቀት በር እንደዘጋባቸው ጨርሶ አስቤው አላውቅም። ውኃ ጠጣሁ፣ ቀጠልኩ።

"ሚስቴን አስመዘገብኩ። እኔ አጃቢ ነኝ ብዬ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። እሷ ስትማር እኔም ሰማሁ። ሁለታችንም አወቅን። አሁን መምህር ልማር ይላሉ..."

ከዚህ በኋላ ያለውን ዓይኔ አይቶታል፣ አፌ ግን እንቢ አለ። ፊደሎቹ ተደባለቁብኝ። ጣቴን አስደግፌ እንኳ ሞከርኩ። አልሆነም።

"ምነው? ማንበብ አቃትዎት?" አሉ ዶክተሯ።

"አዎ" አልኳቸው።

ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱና ቀስ ብለው ጨረሱት። "እሳቸውም ይማሩ። ሰው ልማር ብሎ ሲመጣ፣ ስምህ ካወቁት ጋር ነው ብሎ መመለስ ጥሩ አይደለም። እኔ አውቀዋለሁ።"

ማልቀሴን ያወቅሁት አገጬ ሲረጥብ ነው። ጎልማሳ ሰው፣ ከረባት አስሮ፣ አመራር ምንድነው ተብሎ! ዶክተሯ ደብዳቤውን አጥፈው መለሱልኝ። "እሳቸው ደግ ሰው ናቸው፤ እኛ ግን ሰባተኛው ይጎድልብናል" አሉኝ። "ካስተማሩት ሰው ደብዳቤ ሲያገኙ ይመለሱ። በሩ አይዘጋብዎትም።"

ቤቴ አልሄድኩም፤ ሽሮ ሜዳ ወጣሁ። ጋሽ ባሳ ጉድጓዳቸው ውስጥ ናቸው። አጠገባቸው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ይቅርታ ለማለት ብዙ ቃል አዘጋጅቼ ነበር፤ ሁሉም የንግግር ሆነብኝ። "ጋሽ ባሳ፣ በደልኩዎት" ብቻ አልኩ።

መወርወሪያዋን አቆሙ። "ተቀበሉዎት?"

"አልተቀበሉኝም።"

"ውይ!" አሉ፣ ከልባቸው አዝነው። "እኔ እኮ ይማሩ ብዬ ነበር የጻፍኩት።"

እሱ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በሚቀጥለው ዙር ቀበሌ ሄጄ ጣቢያ ስጡኝ አልኩ። ጓድ መኩሪያ ስም መቆጣጠሪያውን እኔ እንዳልይዘው አስጠንቅቆ ጣቢያውን ሰጠኝ። ያው አዳራሽ፣ ያው ሰዓት። ጋሽ ባሳ ፊደል ያልቆጠሩ አምስት ሸማኔዎች ይዘውልኝ መጡ፤ እሳቸው መዝገቡን ተቀብለው በሩ አጠገብ፣ የድሮ ቦታቸው ላይ ተቀመጡ። እኔ ትርሙሱን ሻይ ሞልቼ አምጥቼ ነበር። ጋሽ ባሳ ጽጌረዳውን አዩት፣ አወቁት፣ አንድ ብርጭቆ ቀዱና "ጥሩ ያሞቃል" አሉ።

ያን ዕለት ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ይወርድ ነበር። ጋሽ ባሳ መነጽራቸውን አደረጉ፣ መዝገቡን ገለጡ፣ በራሳቸው ጽሕፈት ከሞሉት ስም የመጀመሪያውን በጣታቸው ይዘው ጮክ ብለው ጠሩ።

"መምህር!"

ከሰሌዳው አጠገብ ብድግ አልኩ።

"አቤት! አለሁ።"

ምልክት አደረጉብኝና ወደ ሁለተኛው ስም አለፉ።